የዕፅዋት ስቴም ሴል

የዕፅዋት ስቴም ሴል በሥርና በቀንበጥ ጫፍ የሚገኝ፣ እየተከፋፈለ ቅጠል፣ ግንድና ሥር የሚያስገኝ ሕዋስ ነው። የሚኖርበት ክፍል ሜሪስተም ይባላል።

በሐዲያ ዞን፣ በጃጁራ አካባቢ የእንሰት ገበሬ ይህን የሕዋስ የመከፋፈል ኃይል ያለ ላቦራቶሪ ሲሠራበት ኖሯል። ገና ያልደረሰውን እንሰት ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ የአሚቾውን (ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ክፍል) እምብርት ፈልፍሎ ያወጣል፤ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ፍግና አፈር ያለብሰዋል። ዋናው የዕድገት ጫፍ ሲወገድ በዙሪያው አዳዲስ እንቡጦች ይፈጠራሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ከአንድ አሚቾ ብዙ ችግኝ ይፈላል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ የሚገባውን ክብር ግን አላገኘም።

የዕፅዋት ስቴም ሴል በቆዳ እንክብካቤ ስሙ የገነነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ሲሆን፣ መነሻው ኡትቪለር ሽፔትላውበር የተባለው የስዊዘርላንድ ፖም ነው። የፖሙ ሕዋስ በላቦራቶሪ ይራባል፤ ከዚያ ተፈጭቶ ጭማቂው ቅባት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቅባቱ ውስጥ ሕያው ስቴም ሴል የለም። ጭማቂው ኦክሳይድ ተከላካይ ንጥረ ነገር ሊኖረው ይችላል፤ የዕፅዋት ሕዋስ ግን የሰው ቆዳ ሕዋስ አይሆንም። ቆዳን ያድሳል በሚል ማስታወቂያ ብቻ ውድ ዋጋ መክፈል አይገባም።