ቁፋሮ ስታሠሩ የምትገዙት ሰዓት ነው ወይስ ውጤት?

መኖሪያ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ሲያጠያይቅ ይከርማል፤ ለቁፋሮው ግን ብዙም አይጨነቅም። «ማሽን ይገባና በሁለት ቀን ይጠርገዋል» ተብሎ በስልክ ይታለፋል። ሆኖም በኋላ የሚሰነጠቀው ግድግዳ፣ ከጎረቤት ጋር የሚነሣው ክርክርና ከታሰበው በላይ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው በቸልታ የታለፈ ቁፋሮ ነው።

ጉዳዩ በዋግ ኽምራ ጎልቶ ይታያል። ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ተዳፋት የበዛባት ከተማ ናት። ቁልቁል ወደ ተከዜ ተፋሰስ ሲወረድ ደግሞ ሞቃታማዋ የአበርገሌ ወረዳ መቀመጫ ኒሯቅ ትገኛለች። በእነዚህ አካባቢዎች ቤት ለመሥራት ቁልቁለትን መቁረጥና ድንጋይን መጋፈጥ ግድ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት አካባቢውን ክፉኛ ከጎዳው ወዲህ ደግሞ ብዙ ተወላጆች በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ሆነው ለቤተሰባቸው ቤት ያሠራሉ። ቀድሞ ጎረቤት በደቦ በዶማና በድጅኖ የሚቆፍረውን ዛሬ ከሌላ ከተማ በሎውቤድ የመጣ ኤክስካቫተር ይቆፍረዋል። በደቦው ጊዜ ውል አያስፈልግም ነበር፤ ለማሽኑ ግን ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን ዓይነት ውል? የሕግ ምሩቅ በመሆኔ ወዳጆቼ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ የገዛችሁት ሰዓት ነው ወይስ ውጤት? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለቱን ለይቶ ያያቸዋል። በአንቀጽ 2610 መሠረት የሥራ ውል ማለት ሥራ ተቋራጩ በራሱ ኃላፊነት አንድን የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ አሠሪውም ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡት ግዴታ ነው። ከአንቀጽ 2727 ጀምሮ የተደነገገው የሚንቀሳቀስ ዕቃ ኪራይ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አከራዩ የሚሰጠው የዕቃውን አገልግሎት ብቻ ነው። ማሽን በሰዓት ሲከራይ ጉድጓዱ ጠለቀም ጠበበም፣ ድንጋይ ወጣም አልወጣም፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ጣጣው የተከራዩ ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ የሚመረምረው የወረቀቱን ርዕስ ሳይሆን ይዘቱን ነው፤ «የቁፋሮ ሥራ ውል» ተብሎ ውስጡ የሰዓት ዋጋ ብቻ የሰፈረበት ሰነድ ከኪራይ እምብዛም አይርቅም።

በሰዓት መከራየት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ለግማሽ ቀን ሥራ ወይም መሐንዲስ በቦታው ቆሞ ለሚመራው ሥራ ሊያዋጣ ይችላል። ያኔ ውሉ ላይ መስፈር ያለባቸው የነዳጁ ወጪ የማን እንደሆነ፣ የኦፕሬተሩ አበል፣ ማሽኑ የሚጓጓዝበት የመግቢያና የመውጫ ዋጋ፣ ዝቅተኛው የሰዓት መጠን፣ እንዲሁም ማሽኑ ሲበላሽ ሰዓቱ መቆጠር ማቆሙ ናቸው። የማሽኑን ሰዓት ቆጣሪ ጠዋትና ማታ አንብቦ ከኦፕሬተሩ ጋር መፈራረም ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ባለቤቱ ሩቅ ከሆነ ግን ለውጤት መዋዋሉ ይሻላል እላለሁ።

ውጤት የሚለካው በሜትር ኩብ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ሳያውቁ ይከስራሉ፤ አፈር ሲቆፈር ይነፋልና። 12 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ 1.5 ሜትር ቢቆፈር መሬት ውስጥ ያለው መጠን 180 ሜትር ኩብ ነው። ተራ አፈር ሲቆፈር 25 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ገልባጭ መኪና ላይ ሲጫን 225 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 15 ሜትር ኩብ በሚጭን መኪና 15 ቢያጆ ማለት ነው። የተሰባበረ ዐለት ከሆነ ጭማሪው እስከ 50 በመቶ ስለሚደርስ 270 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 18 ቢያጆ ይሆናል። ስለዚህ ክፍያው በመሬት ውስጥ ባለው ልክ ነው ወይስ በተጫነው? ውሉ ካልተናገረ እያንዳንዱ የሚጠቅመውን ይዞ ይከራከራል። መፍትሔው ከቁፋሮው በፊትና በኋላ ሰርቬየር የመሬቱን ከፍታ እንዲለካ ማድረግና ልኬቱን ሁለቱም ወገኖች እንዲፈርሙበት ማድረግ ነው። አፈሩን አውጥቶ የመድፋቱ ሥራና የሚደፋበት ቦታም ለብቻው ዋጋና ስም ይኑረው።

ቀጥሎ የሚመጣው የአፈሩ ዓይነት ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ጠርጎ አውጥቶ በተመረጠ ማቴሪያል መተካት ያስፈልጋል። በዋግ ደግሞ የሚያስቸግረው ድንጋዩ ነው። ከውሉ በፊት በቦታው አራት ማዕዘናት የሙከራ ጉድጓድ ማስቆፈር ትንሽ ወጪ ነው፤ ከሥር ያለውን ግን ይነግራል። ውሉም ለአፈርና ለዐለት የተለያየ ዋጋ ይያዝ፤ «ዐለት» የሚባለውም ለምሳሌ በኤክስካቫተሩ ባልዲ የማይነሣና ጃክ ሀመር የሚፈልግ ተብሎ ይተርጎም። ተዳፋት ላይ ደግሞ ከላይ የተቆረጠውን አፈር ከታች ደልድሎ መሠረቱን በዚያ ላይ ማሳረፍ አደጋ አለው። ግማሹ ቤት በዐለት፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ሲቆም እኩል አይሰጥምና ግድግዳው ይሰነጠቃል።

የኃላፊነቱ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። በአንቀጽ 3039 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደኅንነት ዋስ ነው፤ ከመሬቱ ጠባይ የተነሣ ለሚደርስ ብልሽት ጭምር ይጠየቃል። ይህን ዋስትና የሚያስቀር ወይም ጊዜውን የሚያሳጥር የውል ቃል ፈራሽ ነው። ማሽኑን ብቻ ያከራየ ሰው ግን «እኔ ዕቃ ነው ያከራየሁት» ሊል ይችላል። በሰዓት ስትዋዋሉ የምታጡት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ለጎረቤት ደግሞ አንቀጽ 2069 አለ፤ የመሬትን ተፈጥሮአዊ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ሲደርስ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። የጎረቤት አጥር ከተናደ የቤቱ ባለቤትም ከክሱ ማምለጡ ያጠራጥራል። ስለዚህ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት የጎረቤትን ግድግዳ ጎረቤቱ ባለበት ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የውኃ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮችንም ማጣራት ያሻል።

የሰው ሕይወትም አለ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ በላዩ የተናደበት ሠራተኛ የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። በአሜሪካ ሕግ 1.5 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የጠለቀ ቦይ፣ ሙሉ በሙሉ በጽኑ ዐለት ውስጥ ካልሆነ በቀር፣ ጎኑ ሳይደገፍ ወይም ተዳፋት ሳይደረግለት ሠራተኛ አይገባበትም፤ የወጣው አፈርም ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ይህን በውላችን ለማስገባት የሚከለክለን የለም። ሐምሌና ነሐሴን በተከፈተ ጉድጓድ መክረምም አይመከርም።

እንደ ሰቆጣ ባለ፣ ከዐለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሚገኝበት አካባቢ ሌላም ግዴታ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ለግንባታ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካ ጠብቆ እንዲያስታውቅ ያዛል። በዚህ ምክንያት ሥራ ቢቆም ኪሳራው የማን እንደሚሆን ውሉ አስቀድሞ ይናገር።

ከመፈረም በፊት የግንባታ ፈቃድ መኖሩን፣ የተቋራጩን የሥራ ተቋራጭነት ፈቃድ፣ የማሽኑን ሊብሬና የኦፕሬተሩን የብቃት ማረጋገጫ ተመልከቱ፤ የማሽን ኪራይ ንግድ ፈቃድ የተቋራጭነት ፈቃድ አይደለም። ቅድመ ክፍያ በዋስትና ይሁን፤ ቀሪው በተለካ ሥራ ልክ ይከፈል፤ ጥቂቱም እስከ ርክክብ ይያዝ። በጽሑፍ የሚደረግ ውል በአንቀጽ 1727 መሠረት በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች ይፈረማል።

«ለጉድጓድ ይህ ሁሉ ወረቀት?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ደግሞ ጉድጓዱ ከተሞላ በኋላ ማንም ከፍቶ እንደማያየው አስታውሰዋለሁ። በኋላ ዳኛ ፊት የሚናገሩለት ያ የልኬት ወረቀትና ያ ውል ብቻ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ልኩም ዋጋውም ኃላፊነቱም ማሽኑ ከሎውቤድ ሳይወርድ ይለይ።