ክዳኑን የመክፈት ሥልጣን፦ የጦር ሠራዊት ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ድልድል በኢትዮጵያ

ማንቡክ በመተከል፣ በዳንጉር ወረዳ፣ ወደ ጉባ በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ሩቅ ስፍራ የተመደበ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር መሣሪያው ድምፅ ቢነሣው አንቴናውን ያያል፤ ባትሪውን ይለካል፤ የማዳመጫውን ገመድ ይፈትሻል። ከዚያ ቪሶቹ ዘንድ ሲደርስ እጁ ይቆማል። ክዳኑን የመክፈት ሥልጣን የእርሱ አይደለምና። ይህ ክልከላ የራሱ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ ሠራዊት ዘንድ «ማን ምኑን ይጠግን» የሚለው ዝርዝር ከመሣሪያው ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ ሲሆን፣ መሣሪያ ሰጪው በተለወጠ ቁጥር ዝርዝሩም አብሮ ዋጋ አጥቷል።

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድቦ በአሜሪካ ትጥቅ ተዋጋ። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ደግሞ ያንኑ ትጥቅ ለሠራዊቱ በሰፊው አስገኘ። በተከታዮቹ ሃያ አራት ዓመታት ከ3,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በአሜሪካ ሠለጠኑ። ከመሣሪያው ጋር መጽሐፉ፣ ከመጽሐፉም ጋር የጥገናው ሥርዓት መጣ።

አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጥገናን በአምስት ደረጃ ከፍለውት ነበር። የመጀመሪያው የተጠቃሚው፣ ሁለተኛው የጦር ክፍሉ ባለሙያ፣ ሦስተኛው የተንቀሳቃሽ ወርክሾፕ፣ አራተኛው የቋሚ ወርክሾፕ፣ አምስተኛው የዴፖ ነው። ኋላ ደረጃዎቹ ወደ አራት ቢጠቃለሉም የአምስቱ አሻራ በመጻሕፍቱ ቁጥር ላይ ቀርቷል፤ ለምሳሌ ፒ አር ሲ 25 ለተባለው በጀርባ የሚታዘል ሬዲዮ ከታተሙት መጻሕፍት የአንዱ ቁጥር በ12 ሲያልቅ የሌላው በ35 ያልቃል። የመጀመሪያው ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ፣ ሁለተኛው ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ላሉት የተጻፈ ነው። ኦፕሬተሩ ባለ 12ቱን እንጂ ባለ 35ቱን እንዲይዝ አልታሰበም።

በመጽሐፉ መጨረሻ የሚገኘው የጥገና ድልድል ሠንጠረዥ ከወረዳ ንድፉ ያላነሰ ይናገራል። በአንድ በኩል የመሣሪያው ክፍሎች፣ በሌላው ግሦች ተደርድረዋል፦ መመርመር፣ መፈተን፣ ማስተካከል፣ መተካት፣ መጠገን፣ ማደስ። በመገናኛቸው ላይ ሥራው የማን እንደሆነ የምታመለክት አንዲት ፊደል ትቀመጣለች። የድልድሉ መሠረት የወታደሩ ብልሃት አይደለም፤ የመፈተሻ መሣሪያ ነው። የሲግናል ጄኔሬተር የሌለው ሰው የቱንም ያህል ቢያውቅ የተዛባ ወረዳ ወደ ትክክለኛ ሞገዱ ሊመልስ አይችልም፤ በክረምት እርጥበት የጎማውን ማኅተም ቢከፍት ደግሞ ያልተበላሸውን ያበላሻል። እስከዚህ ድረስ ሠንጠረዡ ልክ ነው።

ችግሩ ያለው ከላይኛው ጫፍ ነው። የታችኞቹ ደረጃዎች በኢትዮጵያውያን እጅ ሲገቡ፣ ለረቀቀው እድሳትና ለመለዋወጫው ግን ዓይን ወደ አሜሪካ እንደተጣለ ኖረ። ደርግ ሚያዝያ 15 ቀን 1969 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች ጽሕፈት ቤትና በአስመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ እንዲዘጉ ሲያዝ ላይኛው እርከን ተቆረጠ። የሶማሊያ ጦር በስፋት የወረረው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጅጅጋ መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም. ስትያዝ በካራማራ ላይ የነበረው ራዳርም ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። ይህ የጦርነት ጉዳት እንጂ የጥገና ጉድለት አይደለም፤ ሆኖም ምትክ የሚጠየቅበት በር አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር። ኤፍ 5 አውሮፕላኖችን በአየር ላይ ለማቆየት ከረዱት አንዱ ከእስራኤል የተገኘው መለዋወጫ ነው። ያም ቢሆን የእስራኤሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን በ1970 ዓ.ም. አጋማሽ ነገሩን ይፋ ባወጣው ጊዜ ተቋረጠ።

ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ በአየርና በባሕር የጎረፈው የሶቪየት መሣሪያ ሌላ ሰዋስው ይዞ ገባ። ሶቪየቶች ጥገናን በዕለታዊ፣ በቁጥር አንድና በቁጥር ሁለት፤ ብልሽት ሲደርስ ደግሞ በቀላል፣ በመካከለኛና በዋና እድሳት ይከፍሉታል። ከየመሣሪያው ጋር «ዚፕ» የሚሉት የመለዋወጫና የመፍቻ ሣጥን ይሰጣል፤ አንዱ ለነጠላ መሣሪያ፣ ሌላው ለስብስብ። እንደ አር 123 ያለው የታንክ ሬዲዮ በቫልቭ የሚሠራ በመሆኑ ሣጥኑ ለሩቅ ጦር ክፍል ከአሜሪካው ሠንጠረዥ ይልቅ ይመች ነበር ቢባል ስህተት አይሆንም። ነገር ግን በአሜሪካ ፊደል የሠለጠነው ቴክኒሽያን አሁን በሩሲያኛ የተጻፈ ንድፍ ማንበብ ነበረበት። የወረዳው ፊዚክስ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመሰኪያው ቅርጽ፣ የቫልቩ ስምና «ይህ የአንተ ሥራ ነው» የሚለው መስመር ነው። ከዋና እድሳት የሚበዛው ክፍል ደግሞ እንደገና በአቅራቢው አገር ፋብሪካ ላይ ተንጠለጠለ።

ሶቪየት ኅብረት እርዳታዋን ቀንሳ ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ኅብረቱ ራሱም በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ፈረሰ። ሁለተኛውም ዝርዝር በሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ባለቤት አጣ። ሳይነካ የቀረው የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው፦ አቧራ መጥረግ፣ የባትሪውን ጫፍ ከዝገት ማጽዳት፣ አንቴናውን ማጥበቅ፣ ያልተሰማበትን ሰዓት በመዝገብ ላይ ማስፈር።