መንግሥትና ትንሹ ነጋዴ



ለኢዮቤልዩ መጽሔታችን ስለ ንግድ ታሪክ እንድጽፍ ስጠየቅ፣ የታሪክ ምሁር ባልሆንም፣ ዕድሜውን ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ያሳለፈ ሰው የሚያየው ነገር አለና እሺ አልኩ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ አገራችንን ያስተዳደሩ መንግሥታት የአገሩን ተወላጅ ትንሽ ነጋዴ እንዴት ደገፉት? ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ እዚህ ጅቡቲ የተወለዱ ልጆቻችን ሰባት ወይም ስምንት ይደምሩበት።

ነገሩ ከእኛው ባቡር ይጀምራል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። በመስመሩ የደራው የገቢና የወጪ ንግድ ግን በአብዛኛው በግሪክ፣ በአርመን፣ በሕንድና በየመን ነጋዴዎች እጅ ነበር። የእኛ ሰው ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ቆዳ አልፊውን ፋቂ እያለ ይንቅ ነበርና፣ አጼ ምኒልክ በ1900 ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደረሱ። ገንዘብ የሌለበት ቢሆንም እኔ ይህን ከድጋፍ እቆጥረዋለሁ።

በዚያ ዘመን ችግሩን አጥርተው ያዩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በአውሮፓ ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። ስለዚህ የጻፉት ከመጽሐፍ ያገኙትን ብቻ አይደለም። ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ወደ መሐል አገር ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ በልውውጡ ዘወትር ተጎጂ መሆኑን አስረዱ፤ መንግሥት ቀረጡን አንድ ወጥ እንዲያደርግና ሕዝቡን እንዲያስተምር መከሩ። በ1911 ገና በጉልምስናቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሳነብ አንድ አኃዝ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ፣ የአምስት ዓመት የገቢ ግብር ምሕረት የሚያገኘው ቢያንስ 200,000 ብር ያፈሰሰ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ብር ያለው ባለሱቅ ከየት ይመጣል? ደርግ ደግሞ በ1968 ባወጣው አዋጅ የቸርቻሪ ካፒታል ከ200,000 ብር እንዳያልፍ፣ የጅምላው ከ300,000፣ የኢንዱስትሪው ከ500,000 እንዳይበልጥ ወሰነ። አንድ ሰው ሁለት የንግድ ፈቃድ ማውጣትም ቀረ። ያው ሁለት መቶ ሺህ በንጉሡ ዘመን ደፍ፣ በደርግ ዘመን ጣሪያ ሆነ ማለት ነው። ቅይጥ ኢኮኖሚ የታወጀው ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ፣ በ1982 ነበር።

በ1990 የጥቃቅንና አነስተኛ ሥራዎች ስትራቴጂ ወጣ፤ የፌዴራል ኤጀንሲም ተቋቋመለት። በዚያው አካባቢ እንደ አማራ ብድርና ቁጠባ (ከ2014 ወዲህ ጸደይ ባንክ) ያሉ ተቋማት በቡድን ዋስትና ማበደር ጀመሩ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ባንክ ቤት በመያዣ ይጠይቃል፤ ትንሹ ነጋዴ ያለው ግን ጎረቤቱ ነው። እርግጥ ብድሩ ትንሽ ነበር፤ የመሥሪያ ቦታውም ለሁሉ አልደረሰም።

እኛ በስደት ያለነው ይህንንም አላገኘንም። እኔ ሱቄን የከፈትኩት በዕቁብ ነው፤ ብዙዎቻችሁም እንዲሁ። የጅቡቲ ዜግነት ለወሰዱ ወገኖቻችን ግን በ1994 የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱ፣ አገር ቤት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመሥራት መብት ሰጥቷል።

ችርቻሮ ለረጅም ዘመን ለአገር ልጅ ብቻ የተከለለ ሥራ ነበር። በ2016 በወጣው መመሪያ ግን አስመጪነቱም፣ ጅምላውም፣ ችርቻሮውም ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ሱቅ እከፍታለሁ የሚል ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦች መመሪያውን አብራችሁት አንብቡ። በዕቁብ ገንዘብ የተከፈተ ሱቅ ከትልቅ ኩባንያ ጎን እንዴት እንደሚቆም ገና አላየንም።