ሕግ የዘገየባቸው የአውስትራልያ አራዊት

በትምህርት ቤታችን አጥር ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ የማያውቅ ተማሪ የለም። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባ ሲሆን የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ዛፉ ወደ እኛ ሲመጣ ግን በላዩ የሚኖረው እንስሳ አብሮት አልመጣም። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለዚሁ እንስሳ፥ ማለት ስለ ኮዋላ፥ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኮዋላ ለብዙ ሰው ድብ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንደ ካንጋሩ ግልገሉን በሆዱ ላይ ባለ ከረጢት የሚያሳድግ እንስሳ ነው። ምግቡ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ቅጠሉ መርዝነት ያለውና ብዙ ኀይል የማይሰጥ ስለ ሆነ፥ ኮዋላ በቀን እስከ 20 ሰዓት ድረስ ይተኛል። ለአዳኝ ከዚህ የቀለለ ምን ይገኛል?

ጠጕሩ ለስላሳና ብርድ የሚከላከል በመሆኑ ቆዳው ወደ አሜሪካና ወደ እንግሊዝ አገር በብዛት ይላክ ነበር። በ1927 የኩዊንስላንድ መንግሥት በድርቅ የተቸገረው ባላገር ገንዘብ ያገኝ ዘንድ በኦገስት ወር አደኑን ፈቀደ። ጋዜጦችና የብሪዝበን ሊቀ ጳጳስ አጥብቀው ቢቃወሙም ፈቃዱ አልተሻረም። በዚያ አንድ ወር ከ500 ሺሕ በላይ ኮዋላዎች በወጥመድ፥ በጥይትና በመርዝ አለቁ። በክፍላችን በዚህ ነገር ስንከራከር ገሚሶቻችን ለባላገሩ ተሟገትን፤ የተራበ ሰው ነውና። ሆኖም ገንዘቡ ለስንት ወር እንደሚበቃ ስንጠያየቅ መልስ የሰጠ አልተገኘም።

ከዚህ የባሰው በታስማንያ ደሴት ሆነ። በዚያ ታይላሲን የሚባል፥ ውሻ የሚመስልና ጀርባው ሸንተረር ያለበት አውሬ ነበር። በግ ይፈጃል ተብሎ ከ1888 እስከ 1909 ድረስ መንግሥት ለገደለው ሰው በአንድ ትልቅ ታይላሲን አንድ ፓውንድ ይከፍል ነበር፤ የተከፈለውም ከ2,180 ለሚበልጡ ነው። የሚጠብቀው ሕግ የወጣው ጁላይ 10 ቀን 1936 ሲሆን፥ የታወቀው የመጨረሻው ታይላሲን በሆባርት ከተማ የአራዊት ማቆያ ውስጥ ሴፕቴምበር 7 ቀን ሞተ። በመካከሉ 59 ቀን ብቻ ነው።

በቪክቶሪያ ግን ኮዋላን ከዚህ ዕጣ ያተረፉት፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጥቂቶቹን በጀልባ ወደ ፍሬንች ደሴት ያሻገሩ ሰዎች ናቸው። እንስሶቹ በዚያ እጅግ ከመብዛታቸው የተነሣ የደሴቲቱን ዛፎች ቅጠል አራቈቱ፤ ስለዚህ ከ1923 ጀምሮ ወደ ሌላ ስፍራ ይወሰዱ ጀመር። 18ቱ ወደ ካንጋሩ ደሴት ሄዱ። ዛሬ በቪክቶሪያ የሚገኙት አብዛኞቹ የእነዚያ የጥቂቶቹ ዘር በመሆናቸው ደማቸው እጅግ ተቀራርቧል፤ ሊቃውንትም ይህ ያሳስባቸዋል። ወደ ካንጋሩ ደሴት የሄዱት 18ቱም ተባዝተው በ2019 ወደ 50 ሺሕ ደርሰው ነበር፤ በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ የተነሣው ሰደድ እሳት ግን አብዛኞቹን ፈጀ። የእንስሳት ሐኪሞች፥ ፈቃደኞችና ወታደሮች የተቃጠሉትን እየሰበሰቡ መዳፋቸውን በፋሻ ጠቀለሉላቸው።

ኩዊንስላንድ ከ1927 ወዲህ አደን አልፈቀደችም። ቆዳው ጠባቂ ቢያገኝም የሚተኛበት ዛፍ ለከብት መስክና ለቤት ሥራ መቈረጡ አልቀረም። በፌብሩዋሪ 2022 ኮዋላ በኩዊንስላንድ፥ በኒው ሳውዝ ዌልስና በዋና ከተማው ግዛት ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ ተብሎ በመንግሥት መዝገብ ተጻፈ።