ግማሽ ማሽን አይገዛም

100,000 ብር አለን እንበል። ትልቁ የስፌት ማሽን ዋጋው 60,000 ብር፣ የዓመት ትርፉ 18,000 ብር ነው። ትንሹ 50,000 ብር ያወጣል፤ 14,000 ብር ያተርፋል። በብር ሲሰላ ትልቁ ይሻላል። ግን አንድ ትልቅ ገዝተን 40,000 ብር ሥራ ፈቶ ይቀራል፤ ሁለት ትንንሾች 28,000 ብር ያስገባሉ።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ዘዴ ያወጡት ሁለት ሴቶች ናቸው። እንግሊዛዊቷ አይልሳ ላንድና አውስትራሊያዊቷ አሊሰን ዶይግ በ1960 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። በሚሠሩበት የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አላገኙም፤ በጠረጴዛ የሒሳብ ማሽንና በትልልቅ ወረቀት ያሰሉ ነበር። ዘዴው ጥያቄውን በቅርንጫፍ ይከፍላል፦ «ትልቁ ማሽን ከአንድ አይብለጥ ወይስ ሁለትና ከዚያ በላይ ይሁን?» ከዚያ፣ ቢበዛ የሚያስገኘው ቀድሞ ከተገኘው የማይበልጠውን ቅርንጫፍ ይተዋል። ዛሬ የአየር መንገድ ሠራተኞችን የሥራ ፕሮግራም የሚያወጡ ሶፍትዌሮች ይጠቀሙበታል።

አይልሳ ላንድ በዚያው ተቋም ተምረው አስተማሩ። በብሪታንያ የመጀመሪያዋ ሴት የኦፕሬሽንስ ሪሰርች ፕሮፌሰር የሆኑት በ1980 ነው፤ ዘዴው ከታተመ ከ20 ዓመት በኋላ። በ2021 አረፉ።

እኛም የተዘዋዋሪ ፈንዳችንን ስንመድብ በሙሉ ቁጥር እናስላ። ከላይ ባለው ምሳሌ በአንደኛው መንገድ አንዲት እህት ማሽን ታገኛለች፤ በሌላው ሁለት።