«እዩኝ» ያለው ኬላ ጠባቂ

«እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» ይላል የአገራችን ተረት። እኔም በብዙ ሰው ላይ ተርቼዋለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ «እዩኝ» ሲል ኖሮ፣ ሲሳቅበትም ኖሮ፣ አንድም ቀን «ደብቁኝ» ስላላለ ሰው ነው። ከእርሱ በፊት የራሴን ጉዳይ ላስቀድም።

በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ ከጎኔ ባለው መስኮት የምትቀመጥ ባልደረባ አለችኝ። ቀን ገንዘብ ስትቆጥር ትውልና ማታ የሰው ፊት ትስላለች። ሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰችም፤ የምትስላቸውም በመስኮቷ የሚያልፉትን ደንበኞች ነው። ሥዕሎቿን ለወዳጅ ዘመድ እንዲታዩ ፌስቡክ ላይ ታወጣቸው ነበር። አንድ ጊዜ ጡረታቸውን ሊቀበሉ በየወሩ የሚመጡ አንድ አዛውንትን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃ፣ በእርሳስ ሣለች። የግራ ጆሯቸው ወደ አንገታቸው ወረድ ብሎ ነበር። እኔም ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሒሳቡ አልታረቀም፤ በግራ ጆሮ በኩል ጉድለት ታይቷል።» ቅርንጫፉ በሙሉ ሳቀ። እርሷም ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንድም ሥዕል አላወጣችም።

ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አንዲት ስንኝ ባወጣሁ ቀን ስንት ሰው እንዳነበባት ለማየት በአንድ የምሳ ሰዓት ሦስት ጊዜ ስልኬን የምከፍት እኔ! ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተና ስለ ሄንሪ ሩሶ ማንበብ ጀመርኩ። (ዘመናቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሩሶ በ1844 ላቫል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ። ጥቂት ዓመት በወታደርነት ካገለገለ በኋላ ፓሪስ ገብቶ በከተማዋ የቀረጥ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ወደ ፓሪስ በሚገባው የወይን ጠጅና ሸቀጥ ላይ ቀረጥ የሚሰበሰብባቸው ኬላዎች በከተማዋ ዙሪያ ነበሩ፤ የእርሱም ሥራ እዚያ መቆምና ማስከፈል ነበር። የሥራ ደረጃው ዝቅተኛ ነበር። ወዳጆቹ ኋላ ላይ «ጉምሩከኛው» የሚል የክብር ስም ቢሰጡትም የጉምሩክ ሹም ሆኖ አያውቅም፤ ቀራጭ ነበር። በኬላው ረዣዥም የጥበቃ ሰዓቶችና በዕረፍት ቀኖቹ ሥዕል ይለማመድ ነበር። አስተማሪ አልነበረውም። በ1884 በሉቭር ቤተ መዘክር ተገኝቶ የታላላቆቹን ሥራዎች ለመገልበጥ የሚያስችል ፈቃድ አገኘ፤ የትምህርት ማስረጃ ከተባለ ያለው እርሱ ብቻ ነው።

ያ ዓመት በሌላም ነገር ይታወቃል። እስከዚያን ጊዜ ፓሪስ ውስጥ ሥዕሉን ለሕዝብ ማሳየት የሚሻ ሰው ሥራውን ወደ ይፋው ዓመታዊ ዐውደ ርእይ፣ ወደ «ሳሎን» መላክ ነበረበት። (የእኛ እንግዳ መቀበያ ክፍል አይደለም፤ ስሙ ግን ከአንድ ቤት የወጣ ነው።) በዚያ ደግሞ ዳኞች አሉ፤ ዳኞቹ እምቢ ካሉ ሥዕሉ ወደ ቤት ይመለሳል። በ1884 በዚህ የተማረሩ ሠዓሊያን ተሰባስበው «የነጻ ሠዓሊያን ማኅበር»ን አቋቋሙ። ደንቡ አጭር ነበር፤ ዳኛ የለም፣ ሽልማትም የለም። ክፍያውን የፈጸመ ሁሉ ሥዕሉን ይሰቅላል። ታላቁም ታናሹም፣ ባለሙያውም ጀማሪውም በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ የፓሪስ ሰውም መጥቶ ያያል፣ ያሻውንም ይናገራል። ስለዚያ ግድግዳ ሳነብ ዛሬ በየኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ግድግዳ ትዝ አለኝ።

ሩሶ በ1886 በአርባ ሁለት ዓመቱ ከዚያ ግድግዳ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ፣ ከጥቂት ዓመታት በቀር፣ እስከ ሞተበት እስከ 1910 አልቀረም። ሰዎች ከሥዕሎቹ ፊት ለመሳቅ ይሰበሰቡ ነበር። የሰዎቹ እግር መሬት አይረግጥም፣ እጃቸው ከፊታቸው ይበልጣል፣ የቅርቡና የሩቁ መጠን አይለይም። ጋዜጦችም አልማሩትም።

አሁን ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። ሩሶ ስለ እርሱ የተጻፈውን ሁሉ ከጋዜጣ እየቆረጠ በደብተር ይለጥፍ ነበር። ምስጋናውን ብቻ አይደለም፤ ስድቡንም፣ ፌዙንም እኩል ይለጥፋል። እኔ ይህን ባነበብኩ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። የሚያፌዙበትን ሰዎች ቃል በሙጫ እያጣበቀ የሚያኖር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? የዋህ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሒሳብ ጠባቂ ይመስለኛል፤ ገቢውንም ወጪውንም በአንድ መዝገብ የሚያሰፍር።

በ1890 የራሱን ምስል ሣለ። ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ጥቁር ቆብ አድርጎ፣ ብሩሽና የቀለም ገበታውን ይዞ በወንዝ ዳር ቆሟል፤ ከኋላው ባለ ብዙ ሰንደቅ መርከብ፣ ከአንድ ዓመት በፊት የተመረቀው የኤፍል ግንብ፣ በሰማዩም ላይ ባሉን ይታያል። እርሱ ግን ከሁሉም ገዝፎ ይታያል። ከግርጌው ባሉት ሰዎች መጠን ከለካነው ማማ የሚያክል ፍጡር ነው። በቀለም ገበታው ላይ የሁለት ሴቶች ስም ተጽፏል፤ በ1888 የሞተችበት የመጀመሪያ ሚስቱ የክሌማንስና ሥዕሉ ካለቀ ከዓመታት በኋላ ያገባት የጆሴፊን። ማለትም ሥዕሉን ጨርሶ አልተወውም፤ ሕይወቱ ሲለወጥ እየተመለሰ ይጨምርበት ነበር። በስም መመሳሰል የተነሣ ለሌላ ሩሶ የተሰጠን የትምህርት መሥሪያ ቤት ሽልማት እንደ ራሱ ቆጥሮ ሪባኑን በኮቱ ላይ ያደርግ እንደነበርም ይነገራል። ያን ምልክት በዚሁ ምስል ኮት ላይ ሥሎታል። ሥዕሉ ዛሬ በፕራግ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል።

አንባቢ ሆይ፣ ለመሳቅ አትቸኩል። መታየትን መሻት የቀራጭ ጠባይ ብቻ አይደለም። በጣና ሐይቅ ደሴት ያለውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፣ በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው መሣላቸውን ያስታውሳል። መደፋታቸው ትሕትና ነው፤ መሣላቸው ግን እንዳይረሱ ነው። እቴጌዪቱ ሠዓሊ ነበራቸው፤ ቀራጩ ግን ከራሱ በቀር የሚሥለው አልነበረም።

በ1891 አንድ ለውጥ መጣ። ሩሶ በዝናብና በመብረቅ ውስጥ የሚያደባ ነብር ሥሎ አቀረበ። ወጣቱ የስዊስ ሠዓሊ ፌሊክስ ቫሎቶን ስለዚህ ሥዕል በአንድ የስዊስ ጋዜጣ ላይ በአክብሮት ጻፈ፤ የተማሩት ሠዓሊያን ሥራ ሁሉ በነብሩ አጠገብ እንደሚደበዝዝ መሰከረ። አምስት ዓመት ሙሉ ሲሳቅበት የኖረ ሰው ያን ቁራጭ ጋዜጣ ሲለጥፍ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ማን ያውቃል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1893፣ ገና በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ በትንሽ ጡረታ ከኬላው ተሰናበተና ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል ሰጠ። ጡረታው ስለማይበቃው ቫዮሊን ያስተምር፣ የሠፈሩን ሰዎች ምስልም በክፍያ ይሥል ነበር። በ1898 ለትውልድ ከተማው ለላቫል ከንቲባ ደብዳቤ ጻፈ፤ አንበሳ የሚያሸታትን የተኛች ጂፕሲ የሣለበትን ሥዕል ከተማዋ ከ1,800 እስከ 2,000 ፍራንክ እንድትገዛው ጠየቀ። አልገዛችም። ዛሬ ያ ሥዕል የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ንብረት ነው።

በባንክ ሠራተኛነቴ ልዘለው የማልችለው ምዕራፍም አለ። በ1907 አንድ የባንክ ሠራተኛ ወዳጁ በማታለል ሥራ አስገባውና በተጭበረበረ ሰነድ ከባንክ ገንዘብ አወጡ። ሩሶ ተይዞ ታሰረ። ጉዳዩ በጥር 1909 ለፍርድ ሲቀርብ ጠበቃው የሩሶን ሥዕሎች ለዳኞቹ አሳየ፤ «እንዲህ የሚሥል ሰው ተንኮል ሊያስብ ይችላልን?» ለማለት ነው። ያ የጋዜጣ ደብተርም ቀረበ። ችሎቱ ሳቀ። በሳሎኑ ግድግዳ ያዋረደው ሳቅ በፍርድ ቤት አዳነው፤ የሁለት ዓመት እስራቱ በገደብ ሆነና መቶ ፍራንክ ብቻ ተቀጣ። ሩሶም ዳኛውን አመስግኖ፣ የባለቤታቸውን ምስል ሊሥልላቸው ቃል ገባ ይባላል። እኔ ግን በሥራው የሚኮራ ሰው ሥዕሎቹ የሞኝነቱ ማስረጃ ሆነው ሲቀርቡ ቆሞ ማየቱ ከገንዘብ ቅጣቱ የከበደ ይመስለኛል።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1908 መገባደጃ፣ ፒካሶ ለሩሶ ግብዣ አዘጋጅቶለት ነበር። ፒካሶ ሩሶ የሣላትን የአንዲት ሴት ትልቅ ምስል ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በአምስት ፍራንክ ገዝቶ ነበር፤ ነጋዴው የሸጠለት ሸራው ተፍቆ ሌላ ሥዕል ይሣልበታል ብሎ ነው። በሥራ ቤቱ ፋኖስ ሰቅሎ፣ ለሩሶ ከፍ ያለ መቀመጫ አበጅቶ፣ ባለቅኔዎችንና ሠዓሊያንን ጠራ። የታዘዘው ምግብ አልደረሰም። ከፋኖሱ የሚንጠባጠበው ሰም በሽማግሌው ራስ ላይ እንደ ጉብታ እስኪከመር ድረስ እርሱ ንቅንቅ ሳይል ተቀምጦ ነበር። ቫዮሊኑንም አውጥቶ ተጫወተላቸው። ያ ግብዣ ፌዝ ነበር ወይስ ክብር? የነበሩት ሰዎች ራሳቸው በትዝታ መጻሕፍታቸው አልተስማሙም። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል። ሩሶ ግን የመጣለትን እንደ ክብር ተቀበለ፤ ፒካሶም ያችን የአምስት ፍራንክ ሥዕል እስኪሞት ከእጁ አላወጣትም።

ከሁሉ የምወድለት ሥራ ግን ባለቅኔው አፖሊኔር ከወዳጁ ከሠዓሊቷ ከማሪ ሎራንሳን ጋር ያለበት የ1909 ምስል ነው። አፖሊኔር (እርሱም በወጣትነቱ ባንክ ቤት ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነው) እንደመሰከረው ሩሶ ሲሥለው አፍንጫውን፣ አፉን፣ ጆሮውን፣ ግንባሩን፣ እጁን አንድ በአንድ በመለኪያ እየለካ ነበር። ሥዕሉ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ሰው «አይመስልም» አለ። ሩሶ መልክ አላመጣም ይሆናል፤ የለካውን ግን አልዋሸም።

በመስከረም 1910 መጀመሪያ እግሩ መርቅዞበት በሆስፒታል ሞተ። ቀብሩን የሸኙት ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ አስከሬኑም በድሆች መቃብር አረፈ። በኋላ ወዳጆቹ መቃብር ገዙለት፤ አፖሊኔር በድንጋዩ ላይ ስንኝ ጻፈለት፤ ቅርጽ ሠሪው ብራንኩሲም ከሌላ ወዳጁ ጋር ሆኖ ቀረጸው። በስንኙ ወዳጆቹ ኬላ ጠባቂው የእነርሱን ጓዝ በሰማይ በር ያለ ቀረጥ እንዲያሳልፍላቸው ይለምኑታል። በ1947 ዐፅሙ ወደ ላቫል ተመለሰ፤ ሥዕሉን ወዳልገዛችው ከተማ።

ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ እኒያ አዛውንት ጡረታቸውን ሊቀበሉ መጡ። ባልደረባዬ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ወደ እኔ መስኮት ቀረቡ። ገንዘቡን ቆጥሬ ስሰጣቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን በደንብ አየሁት። የግራ ጆሯቸው ከቀኙ ወረድ ይላል። ልጅ ሳሉ በቅሎ ጥሏቸው ይሁን ወይም እንዲሁ ተፈጥሮ፣ አልጠየቅኋቸውም፤ ብቻ ልክ እንደሣለችው ነበር። ወጥተው ሲሄዱ ያን ቀልዴን ልሰርዘው ስልኬን አወጣሁ። ሥዕሉ ቀድሞ ተነሥቷል፤ ቀልዴም አብሮት ሄዷል። ባልደረባዬ ሰኞ ትመለሳለች።