የሌላ ሰው ጢስ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሳስተናግድ መተርኮሻ ማጠብ ከሥራዬ አንዱ ነበር። ደንበኛው ስፖርትስማን ወይ ኢምባሲ ሲጋራውን ይለኩሳል፣ እኔ በጢሱ መሃል እንጀራ አቀርባለሁ። ማታ ፀጉሬን ብታጠብም ሽታው አይለቅም።

አገር ቤት ትንባሆ በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው ሲባል ነው ያደግሁት። አጤ ዮሐንስ የሚያጨስን ሰው ከንፈር ያስቆርጡ ነበር ይባላል። ነውሩም ቅጣቱም የአጫሹ ነው፤ አጠገቡ ቆሞ የሚተነፍሰውን ሰው ያነሳ አልነበረም።

ናይሮቢ ያነሳችው እሱን ነው፤ ያውም ከብዙ ትግል በኋላ። የሲጋራ ኩባንያው ቢኤቲ ኬንያ የገባው በ1907 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ትልቅ ፋብሪካ አለው፤ በየገጠሩም ትንባሆ የሚያመርቱለት ገበሬዎች አሉ። ኬንያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትንባሆ ስምምነት በጁን 2004 ፈርማ በዚያው ቀን አጸደቀች። በ2006 የጤና ሚኒስትሯ ቻሪቲ ንጊሉ በሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስን ደንብ አውጥተው ቢከለክሉም የሲጋራ ኩባንያዎቹ ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱም ደንቡን አገደው። በ2007 ፓርላማው ራሱ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኪባኪ ፈረሙ። ከጁላይ 2008 ጀምሮ በተከለከለ ቦታ ሲያጨስ የተያዘ ሰው እስከ 50,000 ሺሊንግ መቀጮ ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት ይጠብቀው ጀመር።

ደንበኞቻችን ተቆጡ። «በገዛ ገንዘቤ፣ በገዛ ሳንባዬ ማን ያገባዋል?» ይሉ ነበር። የራሳቸውን ሳንባ በተመለከተ እውነት አላቸው፤ በእሱ ማንም ሊያዝባቸው አይገባም። የእኔን ግን ማን አስፈቀደኝ? ሥራዬን ትቼ ልውጣ ብል የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ የለም። ያ ሕግ ሲወጣ ነጻ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ብዬ ዛሬም በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ክርክሩ በዚያ አልቆመም። ቢኤቲ የ2014ቱን የሕጉን ማስፈጸሚያ ደንብ በመቃወም በከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፣ ተረታ፤ ይግባኝ አለ፣ ተረታ፤ በኖቬምበር 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አቤቱታውን ውድቅ አደረገው።

ሕጉ ሲጋራ ከአሥር ፍሬ ባነሰ ፓኮ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የሰፈር ኪዮስክ ግን እስከ አሁን በፍሬ ይሸጣል። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሺሻው ነው። በዲሴምበር 2017 መንግሥት ከከለከለውም በኋላ መጋረጃ ጋርደው ሲያስጨሱ ያደሩ ቤቶች አውቃለሁ። ፍሙን የሚያቀጣጥሉት፣ ቱቦውን የሚያቀርቡት የአገሬ ልጆች ናቸው፤ ቀጣሪያቸው ጢሱን ትችይዋለሽ ወይ ብሎ አይጠይቃቸውም።